የታይስቶ አምፖል

በኢናሪ፥ ኅዳር ሲያልቅ፥ ፀሐይ ፈቃድ ትወጣለች፤
«ጥር አጋማሽ እመጣለሁ» ብላ በሩን ትዘጋለች።
ከዚያ ወዲያ ብርሃን ያለው ከእኔ ሱቅ ነው፥ በካርቶን፤
ጥንድ ጥንዱ የተደረደረ፥ ለቮልቮም ለፎርድም የሚሆን።

ታይስቶ መጣ፥ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ፤
ጓንቱን ባንኮኒዬ ላይ እንደ ሞቱ ወፎች አነጠፈ።
በዚህ ወር ሦስተኛው ነው።
«ያለፈውም አልረባኝ፤ ብርሃኑ መንገድ አይደርስም፤
ስድሳ ሜትር ይሄድና ይደክመዋል፥ ጉዞ አይጨርስም።
ትናንት ማታ አንዲት አጋዘን — እዚህ ጋ ነበረች፥ እዚህ ጋ!» —
ጣቱን አፍንጫው ፊት ሰክቶ፥ አየሩን እየወጋ።

ነጋዴ ነኝና እኔም፥ ውዱን ሳጥን አወረድሁ፤
«ከቀድሞው እጥፍ ያበራል» አልሁ፤ ዋጋውን ሳልቀንስ ነገርሁ፤
ደግሞም እንደ ልማዴ መከርሁ፦
«ብርጭቆውን በጣት አትንካ፥ በጨርቅ ያዘው፥ በወረቀት፤
የእጅ ወዝ ያርፍበትና ያቃጥለዋል በአንድ ሌሊት።
የፋናሌው መስታወትም ሞራ ለብሶ ቢጫ ሆኗል፤
አምፖል ብቻ ቢቀያየር፥ ሞራ ያለው ዓይን ምን ያያል?»

ሞራ ያልሁት ለመኪናው ነው። ለመኪናው።

ጋራዥ አስገባን ቮልቮውን፤ መስታወቱን በጥርስ ሳሙና
ፈተግሁት፥ ፈተግሁት፥ ፈተግሁት፤ ቢጫው ለቀቀ፥ ጠራና
የልጅ ዓይን መሰለ።
አምፖሉን ሰክቼ አወጣነው። የመጋዘኑን አመዳይ ጠርጌ
በጠመኔ መስመር ጣልሁ፥ ከወገቤ ዝቅ አድርጌ፤
ብርሃን ከዚያ በላይ ሲዘል የሚመጣውን ያሳውራል።

«አብራ!» አልሁት።
አበራ።
ሳንቃው የነደደ መሰለኝ። ምስማሩ ሁሉ ጥላ አወጣ፤
የሸረሪት ድር ክሩ ሳይቀር እንደ ብር ሽቦ ነጣ።
«ከመስመሩ በላይ ነው በታች?» ጮህሁ፥ ካቻቪቴዬን ይዤ።
ከመሪው ኋላ አንገቱን አሰገገ፤ ዓይኑን ጨፈን ገለጥ አደረገ።
«የትኛው መስመር?» አለኝ።

ሞተሩ ብቻ።
አርባ ዓመት ግንድ ያመላለሰ ሰው ነው፥ በዚህ ጨለማ ላይ፤
ድልድዩን በጎማ ድምፅ፥ ዳገቱን በማርሽ የሚለይ።
ብሎኑን ዝም ብዬ ወደ ታች አዞርሁ፥ መልሼም ወደ ላይ።
«ቁልፉን ስጠኝ» አልሁት፥ «እኔ ልንዳው፥ ሥራዬን ልይ።»
ሳይጠይቅ ሰጠኝ።
ቶሎ ሰጠኝ። ይህ ነው ያስፈራኝ።

ነዳሁ። መንገዱ እንደ ጣቃ እስከ ሐይቁ ጥግ ተተረተረ፤
የበረዶው ብናኝ ሁሉ አንድ በአንድ ተቆጠረ።
ከዛፎቹ ሥር ርቀው፥ በጣም ርቀው፥ የአጋዘን ዓይኖች በሩ፤
ሰማያዊ ፍሞች፥ ሁለት ሁለት ሆነው፥ ሳይንቀሳቀሱ ሲያፈጥጡ ኖሩ።

«እንዴት ነው?» አለ፥ ፊቱን ወደ መስኮቱ መልሶ።
«ግሩም ነው፤ ሁሉም ይታያል።»
«አየሽ!» አለ።
«አላልሁሽም? አምፖሉ ነበር።»

ረጅሙን መብራት ዝቅ አደረግሁ፤
ከፊታችን የሚመጣ መኪና ግን አልነበረም።