የአንጓች ባልዲ

ከሆስፒታሉ በር፣ ከአጥሩ ግርጌ ታች፣
ባልዲዋን በፎጣ ሸፍና አንጓች
ድንች ትሸጣለች፣ ሳምቡሳ ትሸጣለች።
ገና ሳይነጋ ነው፣ ከቀሃ ማዶ ተነሥታ፣
ልጇን ትብለጥን ከነዩኒፎርሟ ጎረቤት ትታ፣
ባልዲውን በጀርባ፣ ሚጥሚጣውን በብልቃጥ ሞልታ።

መጠቅለያዋ የትብለጥ ያምና ደብተር፤
ድንቼን በልቼ ሳበቃ የማነበው ቁጥር፦
«ሰባት ሲባዛ በስምንት»፤ መልሱን ዘይት ጠጥቶ፣
የመምህሩ ራይት ብቻ ከጎኑ ቀልቶ።

እኔ የበለሳ ሰው ነኝ፤ ከተማውን አላውቅም።
ሃያ ሦስት ቀኔ ነው፣ ከዚህ በር አልርቅም።
«የፋሲልን ግንብ አየህ?» ይሉኛል ሰዎች።
የማውቀው ግንብ ይኸ ነው፣ ጀርባዋን የሰጠችው አንጓች።
እኅቴ ማንጠግቦሽ ፎቅ ላይ ናት፣ አልጋ አሥራ አራት።
ሐኪሙ ይመጣል፣ ያያል፤ «እስቲ ነገም እንያት።»

ምግብ ቤት ብገባ፣ ያንድ ሽሮ ዋጋ
የሁለት ቀን መርፌ ነው። እዚህ ግን፣ ከአንጓች ጋ፣
ስምንት ብር ያጠግባል። ስምንት ብር ባይኖርም
«ለነገ» እላታለሁ፤ ቀና ብላ አታይም።
ነገዎቼ ተቆለሉ፤ ስድስት ሆኑ፣ ሰባት።

ሐሙስ ዕለት ድንቼን ልጬ ልጎርስ ስል
አንዱ ሊስትሮ ጮኸ፣ «ደንብ መጣ! ደንብ!» ሲል።
ካልሲ ሻጩ ላስቲኩን በአራት ጫፉ ሰብስቦ በረረ፤
ቲማቲሙ በቁልቁለቱ ተንከባለለ፣ ዞረ።
አንጓች ተነሣች። ባልዲውን አየች። እኔን አየች።
«ያዝልኝ» አለችና በቅያሱ ተሠወረች።

ያዝልኝ! በበለሳ በሬ ይያዛል፣
ሞፈር ይያዛል፣ ሲመሽ በግ ይያዛል።
ባልዲ እንዴት ነው የሚያዘው?

ደረሱ፤ ሁለት ሰማያዊ ሸሚዝ።
«የማን ነው?» «የኔው ነው፤ ለበሽተኛ የምይዝ።»
የአስታማሚ ካርዴን አወጣሁ፣ አሳየሁ፤
አንደኛው ባልዲውን ሲያሸት፣ ምራቁን ሲውጥ አየሁ።
ሄዱ።

ከዚያ ሰው መጣ። ሰው አይጠፋም ከዚህ በር።
«ስንት ነው?» ባዩ እኔ፤ ገዢው ሻጩን ሲያስተምር፦
«ጥቅሉ ስምንት ነው። ለሽማግሌው፣ ለቋረኛው
ጥርስ ስለሌላቸው ከሥር አውጣ፣ ከለስላሳው፤
የሰጡህን ተቀበል። ለኔ ሚጥሚጣ አብዛ።
ተማሪዋ በዱቤ ነው፤ ደብተሩ ከፎጣው ሥር፣ እዛ።»

ገለጥኩት። የትብለጥ እጅ ነው፣ ክብ ክብ ፊደል።
ስም የለም አንድም፦
«ባለ ቀይ ሹራቧ፣ ሦስት። ዘበኛው፣ ከመስከረም።
መንታ የተወለደለት፣ ሰባት ሳምቡሳ፤ አልታየም።
ባለ ከዘራው፣ ግማሹ ይከፈላል፣ ግማሹ ለነፍስ።»
ጣቴ ወረደ፣ ወረደ፤ ከግርጌው መስመር ሲደርስ፦

«አልጋ አሥራ አራት»።
ፊት ለፊቱ ቁጥር የለም።
አንድ ቃል ብቻ፦ «አይጠየቅ»።

ስትመለስ አንድ ጫማዋ የለም። ቁጭ ብላ ቆጠረች።
«ሠላሳ ብር ጎድሏል።» «ቋረኛው...» ስል፣ «አውቃለሁ» አለች።
ያቺን በድንጋጤ የጣልኳትን፣ የተላጠችውን ድንች
ከፎጣው ላይ አነሣች፣
ሚጥሚጣ ነሰነሰች፣ ጠቅልላ ሰጠችኝ።
ስለ ደብተሩ ምንም አልጠየቅኋትም።
አይጠየቅ ይላላ።

ደረጃውን ስወጣ አሰላሁ፦
ሰባት ነገ፣ በስምንት ብር።
ኪሴ የቀረውን የጠዋቱን ወረቀት ዘረጋሁ።
መልሱን ዘይት ጠጥቶታል።
ራይቱ አለ።