የተረፈች አንድ እጅ

ኮዬ ፈጬ ዳር ላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
ወላጅ ተሰብስቧል፣ ጫማውን ከጭቃ
በስንጥር እየፋቀ፤
በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቱን አጣጥፎ፣ እየተሳቀቀ።

ርእሰ መምህሩ፣ አቶ ሽብሩ፣ ተነሡ ወረቀት ይዘው፤
ክረምት ይዘጋ ወይስ ዓመቱን ሙሉ ይማሩ ነው
ነገሩ ባጭሩ።
"ሐምሌና ነሐሴ" አሉ፣ "ያስተማርነውን ጎርፍ ይወስደዋል፤
መስከረም ላይ ልጁን 'ሰባት ጊዜ ስምንት?' ስንለው
ጣራ ጣራ ያያል።"

እኔ ከኋላ ነኝ፣ ከምድጃው አጠገብ፤
ሁለት መቶ ሠላሳ ልጅ በየቀኑ የማጠግብ
የምገባ ሠራተኛ።
ሰኔ ሠላሳ ሲደርስ፣ ካርድ ታድሎ ሲያልቅ፣
ድስቱ በአፉ ተደፋ፣ ደሞዜም አብሮት ተኛ።

ታዲያ ምን ያማክሩኛል? ሆዴ ከኔ ቀድሞ ወስኗል፦ ይከፈት!
ደግሞስ ያ ምንተስኖት፣ የሦስተኛ "ሐ"ው፣ አጥንቱ የሚቆጠር፣
ዳቦውን ለሁለት ገምሶ ግማሹን ኪሱ የሚቀብር፣
አምና ካርዱን ይዞ መጣና፣ ስንተኛ እንደወጣ ሳይነግረኝ፣
"እትዬ ዝናሽ፣ ክረምት መቼ ነው የሚያልቀው?" አለኝ።
ክረምቱ ገና አንድ ቀኑ ነበር።
እናቱ ፋብሪካ ስትውል በሩ ከውጭ ይቆለፋል፤
አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስታወቱን በትንፋሹ እያደበዘዘ፣
አውቶቡስ ሲቆጥር ይውላል።

አቶ ላምቤቦ ተነሣ፣ ግንበኛው፣ ጣቱን ሲሚንቶ የበላው፤
"መሬት እንኳ" አለ፣ "ጦም ያድራል፤ ያለዚያ ፍሬም የለው።"
ተጨበጨበለት።
እኔ ግን በሆዴ፦ መሬት ጦም ቢያድር ያርፋል፤
ልጅ ጦም ቢያድርስ፣ ላምቤቦ?

መምህርት ወይንሸት፣ ድምፅዋ እንደ ጠመኔዋ ተሰባብሮ፣
"ክረምት እኮ እኔም ተማሪ ነኝ፤ ለዲግሪዬ ሦስት ክረምት ይቀረኛል፤
እኔንስ ማን ሊያስተምረኝ ነው?" አለች። መልስ የሰጣት የለም።
አንዱ ከጥግ፦ "የኔ ልጅ ክረምት ላይ በቆሎ ጠብሶ ነው ደብተር የሚገዛው።"
ሌላዋ፦ "የኔው ደግሞ ስልክ ሲዳብስ ነው ክረምቱ የሚያልቀው።"

"የሚደግፍ፣ እጁን!"
ቀኜን አወጣሁ፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እንደሸተተች።

ይኼኔ ቆርቆሮው ላይ ጠብ፣ ጠብ፣ ከዚያ ዱብ ዱብ አለ፤
የጳጉሜ ሦስት ዝናብ በጆሮዬ ተንከባለለ።
ልጄ ሲፈን፣ ካርዷ ላይ "ዝምተኛ ናት" የተባለች፣
ስሟ ሲጠራ እንኳ በጣቷ ብቻ "አለሁ" የምትል፣
አምና ከብሎኩ ልጆች ጋር፣ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ቋጥራ፣
"ሩፋኤል አሳድገኝ!" ብላ ስትጮህ፣ ስትዘል፣
ከንፈሯ በብርድ ጠቁሮ፣ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ ስትስቅ፣
መጀመሪያ የማን ልጅ ናት አልኩ።
ከዚያ አወቅኋት።

ያቺን ዝናብ በስንተኛው ክፍለ ጊዜ ያስገቧታል?
ከሒሳብ በፊት? ከሰልፍ በኋላ?
ደወል ተደውሎ ነው የምትዘንበው?

"የሚቃወም፣ እጁን!"
ግራዬ ሳላዛት ከፍ አለች።

አቶ ሽብሩ ቆጠሩ። መነጽራቸውን ጠርገው ደግመው ቆጠሩ።
አርባ ሰባት ለአርባ ሰባት።
መዝገቡ ላይ የፈረመው ሰው ደግሞ ዘጠና ሦስት።
"አንድ እጅ ተርፏል" አሉ፤ "ማን ነው ሁለቴ ያወጣ?"
ሁሉም ጎረቤቱን አየ።
እኔ ጎንበስ ብዬ
የታጠበ ድስት አጥባለሁ።