አንድ ለሃምሳ ሺህ

ካርታው በአንድ ሚስማር ተሰቅሎ ነበር፤
ጋምቤላ ላይ ጠመኔ፣ ዳሎል ላይ ፕላስተር።
መስኮቱ ወደ ፒያሳ፣ በሩ ወደ ሰባራ ባቡር፣
ስድሳ አራት ተማሪ፣ ሦስት ሦስት በወንበር፤
ኢክራምና እኔ ከኋላ፣ ከግድግዳው ሥር።

ቲቸር ሸዋረጋ በእንግሊዝኛ ጽፋ ታስገለብጠናለች፣
እጇን በጋዋኗ ጠርጋ በአማርኛ ትፈታዋለች፦
«ኮንቱር ማለት ይሄ ነው፤ በላዩ የሄደ አይደክመውም፤
ያቋረጠው ያልበዋል፣ መሬት በነፃ አያሳልፍም።
መስመሮቹ ሲጠጋጉ ዳገት ነው፣ አትቸኩሉ፤
ሲራራቁ ሜዳ ነው፣ እያወራችሁ ዋሉ።»

እኛ ግን ይህን ትምህርት በጉልበት ነበር የተማርነው፣
ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ እየሮጥን ያረጋገጥነው።
እነ ኢክራም ደጅ ስደርስ ትንፋሼ ቁርጥ ይል ነበረ፤
ጋሽ ኸይሩ፣ ሰዓት ጠጋኙ፣ አጉሊው ዓይናቸው ላይ እንደታሰረ፣
ቀና ሳይሉ ይቆጥሩልናል፦ «አምስት ደቂቃ ብቻ ቀረ።»

በጥር ወር የከተማዋን ሉህ ዘርግታ ከፊታችን፣
«አንድ ለሃምሳ ሺህ ነው፤ እንፈልግ» አለች «ቤታችንን።»
ቤት የለም። ሰፈር በሞላ አንድ ግራጫ ነው፣ እንደ አመድ።
ኢክራም እርሳሷን ቀርጻ፣ ከመስጊዱ ምልክት ትንሽ ወረድ፣
ነጥብ አሳረፈች፣ የትንኝ ዓይን የማታህል፤
«ይቺ ናት፤ ስድስት ነፍስና አርባ የቆመ ሰዓት እዚህ ይውላል።»
ሉህ ላይ የጻፈ ይቀጣል፤ ቲቸር ያን ቀን አልተቆጣችም፣
ጎንበስ ብላ አየችው፤ ላጲስ አላነሳችም።

በመጋቢት ቀይ ቀለም መጣ፣ በሩ ላይ ቁጥር ተጻፈ።
በሁለት ሳምንት ሰፈሩ በአይሱዙ ተጭኖ አለፈ፤
ጄሪካን፣ የሽቦ አልጋ፣ ሰዓቶቹ በካርቶን ታሽገው።
«ገላን ስንት ሴንቲ ነው?» አልኳት። «ቆይ» አለች፣ «እንለካው።»

ከነጥቧ ተነሳች ጣቷ፣ ለገሃርን፣ ሳሪስን አቋረጠች፤
ቃሊቲ ላይ ሉሁ አለቀ፣ ጣቷ ግን አልቆመች፤
ወደ ጠረጴዛው ወረደች፣ በባዶው እንጨት ላይ ሄደች፣
«እዚህ ጋ» ብላ
በኮምፓሱ ሹል ጠቅ አደረገች።

ሁለት ታክሲ፣ አንድ አውቶቡስ፤ ከሌሊቱ አሥር ተኩል መነሳት።
እስከ ግንቦት መጣች፤
ከዚያ ሁለት ሆንን፣ ሦስት በነበርንበት።
ፈተናው ላይ «የካርታን ጥቅሞች ዘርዝር» የሚል መጣ፤
አምስት ጻፍኩ። ስድስተኛው ከእስክሪብቶዬ አልወጣ።

አሁን እዚያ ሰፊ መንገድ ነው፤ ዘንባባ፣ የሚያበራ ምሰሶ፤
አላፊው ፎቶ ይነሳል፣ ፊቱን ወደ መብራቱ መልሶ።
በሩ የቱ ጋ እንደነበረ ዓይኔ ሁለቴ ስቷል፤
የኢክራም ስልክም «አገልግሎት አይሰጥም» ይለኛል።

ዳገቱን ግን አላነሱትም።
ትናንት ከድልድዩ ሽቅብ ሳዘግም
ከአንዱ ምሰሶ ሥር ትንፋሼ ቁርጥ አለ፤ ሌላ ምልክት የለም።
ቆምኩ።
እርሳስ ፍለጋ ኪሴን ስዳብስ
ጥበቃው መጣ፦ «ምን ጠፋህ? ምንድነው?»
«ምንም» አልኩት፣
«ዳገት ነው።»