ትርፍ ቀን

ወንዙ ሁለት ቀን ነው፣ መሪያችን ብላዥ የቆረጠው፤
ተራራው ሦስት ቀን፣ እኔ በእርሳስ የቀጠልኩት ነው።
«ከሶቻ በፊት እንውጣ» ይላል የርነይ፣ «ጉልበቴ ሳይዝል»፤
«በኋላ» እላለሁ፤ «ቀዘፋ ክንድ ነው የሚያዝል፣
እግር ምን በደለ?»
ካርታው ላይ ሾርባ ፈሶ አንዱን መንገድ በላ።

ቦቬትስ ስንደርስ ዝናብ። ወንዙ አረንጓዴውን ጥሎ
ግንድ ያንከባልላል። ብላዥ መጣ፣ መቅዘፊያውን ሰቅሎ፤
«ዛሬም ነገም አይሆንም» አለ፤ ገንዘባችንን መለሰ።
የርነይ የዋና ሰደርያውን ፈታ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደተወቀሰ።

ማታ፣ ሾርባ በበላው መንገድ ወጥተን፣ በጎጆው ምድጃ ዳር፣
ካልሲያችን ሲጤስ፣
«ዋናው ቀረብን» አለኝ።
«ይቅር፤ ሰው» አልኩት፣ «በትርፉ አይደል የሚያድር?»