የአንሻ አንገት

ጎማ ነው ሥራዬ፤ ኮምቦልቻ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፤
ሚስማር የወጋውን፣ ጠርሙስ የበላውን፣
ከሚሌ በረሃ ተቃጥሎ የገባ፣
እፍቃለሁ በሞረድ፣ አደርቃለሁ፣ ማስቲሽ እቀባለሁ፣
ከዚያ እጠብቃለሁ።
መጠበቅ ነው ሙያው፤ የቸኮለ ልጣፍ
ሐረጎን ሳይወጣ ይላቀቃል ከጫፍ።

የአንሻ አንገት ግን ጎማ አይደለም።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሻሽ የደበቀው፣
እኔም እንዳላየ ያለፍኩት፣ እሷም የምታውቀው፣
ያ እንቅርት ወጣ፤ ደሴ ላይ፣ ባለፈው ሳምንት ረቡዕ።
የቀረው ቀጭን መስመር ነው፣ ከግራ ወደ ቀኝ፣
እንደ ተሰፋ ኪስ፤ ጥቁር ክር፣ ቀይ ዳር፤
ሳየው እኔን አመመኝ።

"ቅባት፣ ቅባት" አለ ሰፈሩ ተነሥቶ፣
ሁሉም ሐኪም ሆነ ከየቤቱ ወጥቶ።
እትዬ ይመኙሽ የግራር ማር በብልቃጥ፣
አጎቷ እብሬ የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ "ሌላው ሁሉ ቅጥ
የለውም" እያለ፤
አንዷ እሬት ገምሳ፣ አንዷ ለጋ ቅቤ በቅጠል፤
የእህቷ ልጅ ከቦርሳዋ ሥር የዓይን ቴትራሳይክሊን፣
ወገቡ የተጣመመ፣ ቀኑ አምና ያለፈ፤
የጋራዡ ልጅ ሙሄ "ግሪስ ነው ጋሼ፣ ግሪስ!" ብሎ አላገጠ።
"በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" ሲባል ሰው ይስቃል፤
አንሻ ስቃ አታውቅም። ያን ቀንም ዝም አለች።

ቅዳሜ ሐረጎን ወጣሁ። ጦሳ ጉሙን ለብሷል፣
ደሴ ብርዱ ከታች አገር ሰው አጥንት ይደርሳል።
የመድኃኒት ቤቷ ልጅ ነጂባ ትባላለች፣ ደረቷ ላይ ተጽፏል።
ከኋላዋ ቱቦ በቱቦ ላይ፦
ለእሳት፣ ለእከክ፣ ለጭርት፣ ስሙን ለማላውቀው።
ጎማ ቢሆን ቁጥሩን አነብ ነበር።
"ውዱን ስጪኝ" አልኳት፣ "ብር ይዣለሁ።"
ብሬን አላየችውም።
"ይመግላል?" አይ።
"ይሸታል?" አይ።
"ቅላቱ ይሰፋል? ትኩሳትስ አላት?"
የላትም፤ ማታ ማታ ነው የሚያሳክካት።
"እሰይ! ሲድን ያሳክካል።
በውሃና በሳሙና ቀስ ብለህ እጠበው፣ አድርቀው፤
ከዚያ ቫዝሊን፣ ሽታ የሌለው፣ ጣት ያልገባበት፣
በስሱ።
ማሩን ለዳቦ፣ ቅቤውን ለገንፎ አድርጉት።
ካበጠ፣ ካፈሰሰ፣ ቅላቱ ከሰፋ ግን
ሌላ ቅባት እንዳትፈልግ፤ ሐኪሙ ጋ ይዘሃት ና።"

ቫዝሊን!
የከንፈር፣ የተረከዝ፣ የሕፃን ቂጥ ቅባት!
ስድስት ወር ያጠራቀምኩት ብር ኪሴ ውስጥ አፈረ።
ውድ ነገር ነበር የፈለግሁት እኮ፣
አሥራ አንድ ዓመት ዝም ያልኩበትን
የሚከፍል ነገር።

ቤት ገብቼ ታጠብኩ። በኦሞ፣ በአሸዋ፣ ደግሞ በኦሞ።
የጎማ ጥቀርሻ ከጥፍር ሥር አይወጣም፣
በክብሪት እንጨት ፈልፍዬ አወጣሁት።
አንሻ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች፣ ሻሿን ፈታች፣
አገጯን ወደ ብርሃኑ ቀና አደረገች።
በቀለበት ጣቴ (ጉልበት የሌለው እሱ ነው)
ከግራ ጀመርኩ።
"ቀዘቀዘኝ" አለች።
"ልተወው?"
"ተወው አላልኩም።"

ከአይሱዙ የወለቀ፣ ጥጉ የተሰነጠቀ ስፖኪዮ አለን።
በሱ አየችው፣ አንገቷን ወዲያ ወዲህ አዙራ።
"ሐረጎን ይመስላል" አለች።
"ቀጥ ያለ ነው" አልኩ።
"ይሁንልህ። ማስቲሹ ግን ይይዛል?"
ሳቀች፤ ክሩ ሳባትና ጉሮሮዋን ያዘች፤
"አታስቀኝ ሰውዬ!"
እኔ ምን አልኩ?

ክዳኑን ገጠምኩ፣ ከቁም ሳጥኑ አናት፣ ልጆች ከማይደርሱበት።
ጣቴ እስኪመሽ ድረስ ወዛ።
ነገ ከሥራ ስገባ፣
አሸዋው በር ላይ አለ፣ ኦሞው ግማሽ ቀርቷል።