ይሄኛው አይደለም

ጥር ነው በኡላንባታር፤ ምራቅ አየር ላይ ይጠጥራል፤
የድንጋይ ከሰል ጭስ ከኮረብታው ወርዶ ደጃችን ያድራል።
በአንድ አልጋ ሦስት ሕፃን፤ ሳል ሳልን ይጠራል።

ሣራንጌረል ገባች፣
ልጇን እንደ ደብዳቤ አጣጥፋ፣ በሱፍ አሽጋ መጣች።
«ስሙ?» አልኩ፣ እስክሪብቶዬን ካርዱ ላይ አስጠግቼ።
«እነቢሽ።»
ቀና አልኩ፤ ዝም አልኩ፣ ፊቷን አይቼ።

በኛ ቋንቋ «ይሄኛው አይደለም» ማለት ነው፤
ሁለት ለቀበረች እናት፣ ስም ማለት አጥር ነው።
ሞት በሌሊት መጥቶ «የማን ነው?» ብሎ ቢጠይቃት፣
«ተሳስተሃል» የምትልበት ቃል እንዳይጠፋት።

ጨርቁን ፈታሁት፤ አንድ እጥፍ፣ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት፤
ከሁሉም ሥር የወፍ ጎጆ የምታህል ደረት።
«አትንኪው፣ እንዳያለቅስ» አልኩና ሰዓቴን አየሁ።
አንድ ደቂቃ ሙሉ ምንም አልልም፤ እቆጥራለሁ።
ዐሥራ ሁለት።
ከጎድኑ በታች ሥጋው ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል።
ሠላሳ አንድ።
አፍንጫው እንደ ወናፍ ይነፋል፣ ይሟሽሻል።
ሃምሳ።
ለሰባት ወር ልጅ፣ እዚህ ሳይደርስ ማብቃት ነበረበት፤
ሰዓቴ ላይ ግን ገና ዐሥራ ስድስት ሰከንድ አለበት።
ስልሳ ስምንት።

ማዳመጫውን በብብቴ አሙቄ ጀርባው ላይ አኖርኩት።
በግራ ነፋስ ይመላለሳል። በቀኝ፣ ከታች፣ ሰማሁት፦
አዲስ በወረደ በረዶ ላይ ሰው በቀስታ ሲራመድ፣
ኩርሽም፣ ኩርሽም፣
ቤት እንደሚፈልግ እንግዳ፣ ቆም እያለ ሲሄድ።

ጣቱን በመቆንጠጫው ያዝኩ፤ ቀይ መብራት ብልጭ አለ፤
ሰማንያ አራት። ዱልማ አየችኝ። ማንም ምንም አላለ።
የኦክስጅን ማሽኗ አንዲት ናት፣ እንደ አሮጌ ትራክተር የምታጓራ፤
ሁለት ልጅ ይዛ ነበር፤ ቱቦ ከፍለን ሦስተኛ ጨመርንባት በተራ።
መርፌው ሲገባ አለቀሰ፤
ለቅሶ እንኳ አይባልም፤ ትንፋሹ ከመሃል ፈሰሰ።

አባትየው ባትሱሪ በሩን ተደግፏል፤
ጆንያ ከሰል ይሸጣል፤ የጥፍሩ ሥር ጠቁሯል።
«ጭሱ ነው፣ አይደል?» አለኝ። መልስ አልፈለገም።
ምን ልበለው? እሳት ባይነድ ልጁ ከብርዱ አይተርፍም።
ያው ምድጃ ከጎን ያሞቀዋል፣ ከላይ ያፍነዋል።
የኔም ክፍል በከሰል ነው የሚሞቀው።
ይህን አልነገርኩትም።

ሌሊት ስምንት ሰዓት፣ ስልሳ አራት። ዐሥር ሰዓት፣ ስልሳ ስድስት።
ሊነጋ ሲል ከሦስቱ ቱቦ አንዱ ሥራ ፈታ።
ሙንኽናሳን ትባል ነበር፤ «ዘላለማዊ ዕድሜ»፤ የአራት ወር ልጅ።
ስሙን ያወጡላት ሰዎች ምንም አልፈሩም ነበር።

የሬሳ ክፍሉ ሰውዬ ነጭ አንሶላ ይዞ መጣ፤
ወደ አልጋው ጠቁሞ «ይሄ ነው?» አለ፣ ድምፁ ሳይወጣ።
ሣራንጌረል ከእንቅልፏ ባንና፣ ስሙን የጠየቃት መስሏት፣
«እነቢሽ» አለችው።
ራሱን ነቀነቀና ወደሚቀጥለው ዞረ።

እኔ የማምነው መርፌ ነው፤ ቱቦ ነው፤ ቁጥር ነው።
ያን ማለዳ ግን ካርዱ ላይ
ስሙን ደግሜ ጻፍኩት፣ በደማቁ፣
ቀለሙ ወረቀቱን እስኪበሳው።

በአምስተኛው ቀን አርባ ሁለት።
ጮኸ፤ ማሽኗን አስናቀ፤ ዱልማ ጆሮዋን ይዛ ሳቀች።
ሣራንጌረልን በስልኳ ሰዓት መቁጠር አስተማርኳት፤
ሁለቴ ተሳሳተች፤ በሦስተኛው አገኘች።
«ሃምሳ ከሞላስ?»
«በሌሊትም ቢሆን ነይ።»
«ሌሊት መኪና ባይኖርስ?»

ይህን የሚመልስ መጽሐፍ የለኝም።
አውቶቡሱ ወደ ኮረብታው ወጣ፤ ጭሱ ውስጥ ገባ፤
መጀመሪያ ቀለሙ፣ ከዚያ መብራቱ ጠፋ።
ከኋላዬ የሚቀጥለው ሳለ።
እጄን በትንፋሼ አሙቄ
ጨርቁን መፍታት ጀመርኩ።