ሞላ ጎደለ

ተንደር ቤይ፣ የካቲት፤ ሐይቁ ድንጋይ ሆኗል፣
የእህሉ ጎተራ በጉም ተጀቡኗል።
በልብስ ማጠቢያና በዶናት ቤት መሐል
ሱቄ ተሰንቅራ መብራቷ ይታያል።

አይሊ ገባች፤ ጓንቷን በጥርሷ ጎትታ፣
ታጣፊዋን ስልኳን ከካፖርቷ አውጥታ፦
«አንዱ ጎኗ ላልቷል፣ ክዳኗ ይዋልላል፣
ስዘጋት አትጮህም፤ ይኼ ምን ይባላል?»

ጉልበቷ ከድቷታል፣ አልኩ በልቤ።
(የአይሊም የቀኝ ጉልበት አምና በብረት ተተክቷል፤
ወንበር ስትስብ ይሰማል።)

ገለበጥኳት። እንደ ተልባ ፍሬ ልሙጥ ናት፤
አውራ ጣት በሚያነሳት ከንፈሯ ላይ ብቻ
ቀለሙ ተልጦ ነጩ ፕላስቲክ ወጥቷል፣
አሥራ ሰባት ዓመት አንድ ጣት ሲያሻት።
«አምስት» ላይ ያለችው፣ የምስር ክክ የምታህል እብጠት፣
ጣት በጨለማ ቤቱን የሚያውቅባት፣
እሷም ተበልታ አልቃለች።

ቡሾቹን በመርፌ አነሳሁ።
ከሥራቸው አራት ብሎኖች፤ ሁለቱ አጠር ይላሉ፣
ቦታ ከተለዋወጡ ስክሪኑን ይወጋሉ።
በካቻቢቴ ፈታሁ፤ ወገቧን በጥፍሬ ፈለቀቅሁ፣
ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ሪባኗ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ፣ ቡናማ፣
በማጠፊያው ቀዳዳ አንድ ዙር ተኩል ተጠቅልላ
የታችኛውን ለላይኛው ታደርሳለች፤
የተባለው ሁሉ በዚያች ጠባብ በር ነው የሚያልፈው።
እሷ ደህና ናት።

የታመመው ሞላው ነው።
የባቄላ ግማሽ በሚያክል በርሜል ውስጥ
ሁለት ብረቶች ፊት ለፊት ይነካከሳሉ፤
አንዱ ጉብታ አለው፣ አንዱ ሸለቆ፣
ሞላው ከኋላ ሆኖ ያፋጥጣቸዋል።
እስከ እኩሌታው ድረስ መክፈቱ የጣት ነው፤
ጉብታውን ሲሻገር ጣት ሥራው አለቀ፣
የቀረውን መንገድ ሞላው ነው የሚሮጠው።
ጠብም እንዲሁ ነው፤
ግማሹ የኛ ነው፣ ግማሹን ግን እንጃ።

ሞላ ጎደለ ሲሉ የሰማሁት ሁሉ
ዛሬ በወረንጦ ጫፍ ላይ ታየኝ ቃሉ።

ከሞቱት ስልኮች ሣጥን አንዲት ቀይ አገኘሁ፤
እህቷ ባትሆን የአክስቷ ልጅ ናት።
ሞላዋን አውጥቼ ለዚህችኛዋ ሰጠሁ።
አይሊ ከፈተች፣ ዘጋች። ከፈተች፣ ዘጋች።
ጆሮዋን አዘንብላ፦
«አይደለም፤ ድምፁ ወፍራም ነው» አለች።
ሠላሳ አንድ ዓመት ጎተራው ውስጥ
ግራሶ ይዛ የኩሽኔታ ልቅሶ ስታዳምጥ የኖረች ሴት ናት፤
የትኛው ደረቀ፣ የትኛው ጠገበ፣
ዓይኗን ጨፍና የምትለይ።
አልተከራከርኳትም።
ግማሽ ጥምዝ ቆረጥኩ፣ ግራሶ ነካ አደረግሁ።
ቀፕ።
«እሱ ነው!»

ከዚያ ነው የነገረችኝ።
ወንድሟ ሬይኖ እሑድ እሑድ ከሰድበሪ ይደውላል፣
የአባታችንን የጫካ ቤት እንሽጥ ብሎ ይጨቀጭቃል፣
እሷም ትዘጋበታለች። ሲዘጋበት እንዲሰማው ትፈልጋለች።
የእህቷ ልጅ የመስታወት ስልክ ገዝታላት ነበር፤
«እሱን ለመዝጋት መዳበስ ነው፤
ቁጣ እንዴት ይዳበሳል?»

በኔ ቋንቋ «ስልኩን ዘጋችብኝ» ይባላል፣ አልኳት፤
የሚዘጋ ክዳን ሳይኖር፣ ስልክ ገና በገመድ ሳለ፣
ቃሉ ቀድሞ ተወልዶ በሩን ሲጠብቅ ነበር።
ሳቀች።

ሳቋ ሳያልቅ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠች፣
ትንሿ የደረት መስኮቷ በራች፤
ሬይኖ። ዕለቱ ግን ማክሰኞ ነበር።

አይሊ ግማሹን ከፈተች፤ ሞላው ቀሪውን ወረወረ።
አዳመጠች። በፊንላንድ ቋንቋ ሁለት ቃል፣
ከዚያ ረጅም ዝምታ፣ ከዚያ አንድ ቃል።
ስትጨርስ አውራ ጣቷን ከክዳኑ ሥር አስገብታ፣
ሞላውን እየተጋፋች፣
ቀስ፣ ቀስ አድርጋ፣
ያለ ድምፅ ዘጋቻት።

ሃያ ሁለት ዶላር ከፍላ ወጣች።
የቆረጥኩት ግማሽ ጥምዝ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤
በጥፍሬ ነካ ባደርገው
ዘሎ ጠፋ።